ሳይነገር የቆየ ሞት

ከዲላ እስከ ገደብ በሚኒባስ፣ ከገደብ ደግሞ በሞተር እየሄድኩ በምሠራባት ቀበሌ ሰዎች «ሲስተር» ይሉኛል። ነርስ አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሥነ ልቦና ነው። ሥራዬም ተፈናቅለው የተመለሱ ሰዎች የደረሰባቸውን ይዘው እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ከአካባቢው ሰዎች ጋር መምከር ነው። በመጀመሪያው ቀን «ሲስተር አይደለሁም» ለማለት አፈርኩ፤ እያደር ደግሞ ማረሙ ይበልጥ የሚያሳፍር ሆነ። አሁን ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አሁንም አንዳንድ ሰው እጅጌውን ሰብስቦ ቁስሉን ያሳየኛል፤ እኔም ወደ ጤና ኬላ እልከዋለሁ።

ይህን የምጽፈው ስለ አንዲት ሴትና ስለ አንድ ለቅሶ ነው። በዚያ ሰሞን በጣም ደክሞኝ ነበር። ድካሙ የመንገድ አይመስለኝም፤ መንገዱን ለምጄዋለሁ። የሚያደክመኝ የሰማሁትን ይዤ ተመልሼ፣ ዲላ የተከራየኋት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ በሰንጠረዥ ውስጥ እንዲገባ ማሳጠሩ ነበር። «የተሳታፊዎች ብዛት፦ ወንድ፣ ሴት።» «የተነሱ ችግሮች።» «የተወሰዱ እርምጃዎች።» አንዳንድ ቀን የመጨረሻውን ሣጥን ለመሙላት ምሽቱን ሙሉ አስቤ «ውይይት ተካሂዷል» ብቻ እጽፋለሁ።

ኮሚቴያችን አራት ሰው ነው። የእድሩ ሊቀመንበር ሽማግሌ ናቸው፤ ወጣት ሳሉ የቡና መፈልፈያ ጣቢያ ዘበኛ ነበሩ አሉ፤ አሁንም ሰውን የሚያዩት በር ላይ እንደቆመ ሰው ነው። ሁለተኛው የቀበሌዋ ቤተ ክርስቲያን ወንጌላዊ ናቸው። ሦስተኛዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስትሆን፣ የእያንዳንዱን ቤት በርና ገመና የምታውቅ፣ ስትስቅ ከሩቅ የምትሰማ ሴት ናት። አራተኛዋ እኔ ነኝ፤ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። በየሐሙሱ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በረንዳ ላይ እንሰበሰባለን።

«ሲስተር፣ ዛሬም ስለ ጭንቀት ልታስጨንቂን መጣሽ?» ትለኛለች የጤና ሠራተኛዋ ገና ከሞተሩ ሳልወርድ።

የዚያ ቀን ስብሰባ ሊያበቃ ሲል ሊቀመንበሩ እግረ መንገዳቸውን አንድ ነገር አነሱ። አንዲት የእድር አባል በተከታታይ ሦስት ለቅሶ አልደረሰችም። ሁለት ጊዜ ተመክራለች። ደንቡ ከዚህ በላይ አይታገስም፤ በወሩ መጨረሻ ትሰረዛለች።

«ኮሚቴው እንዲያውቀው ያህል ነው» አሉ።

መሰረዝ ምን ማለት እንደሆነ ለእኔም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ከእድር የወጣ ሰው ሲሞት ጥሩምባ አይነፋለትም፣ ጉድጓድ የሚቆፍርለት አይወጣም፣ ቤተሰቡ ዘንድ የሚቀመጥ አይኖርም። ሴትየዋ ባሏ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ የቀረ፣ ሦስት ልጆች የምታሳድግ ናት። በእድሜ ከእኔ ብዙም አትርቅም። እድሩን ካጣች፣ አንድ ቀን ልጆቿ ሬሳዋን ይዘው ብቻቸውን ሊቀሩ ነው።

በማግስቱ ከጤና ሠራተኛዋ ጋር ቤቷ ሄድን። ቆርቆሮው አዲስ ነው፣ ግድግዳው ግን ገና አልተመረገም። በጓሮ ያለው እንሰት ወገብ አይደርስም፤ የድሮው ሰዉ በተፈናቀለበት ጊዜ ተቆርጦ አልቋል፤ አዲሱ ለቆጮ እስኪደርስ ገና ዓመታት ይቀሩታል። ሴትየዋ ከለቀማ መመለሷ ነበር፤ ጣቶቿ በቡና ቅርፊት ጠቁረዋል።

እኔ እንዴት አድርጌ በለዘብታ እንደምጀምር በመንገድ ሳሰላስል ነበር የመጣሁት። የጤና ሠራተኛዋ ገና በርጩማው ላይ ሳትደላደል፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ለምን ለቅሶ አትደርሺም?» አለቻት።

ሴትየዋ አልተቆጣችም። «እሄዳለሁኮ» አለች። «ነጠላዬን አዘቅዝቄ ደጁ ድረስ እሄዳለሁ። ድንኳኑን ሳየው እግሬ አልገባም ይላል። የሰው እናት ሞተች ብዬ ላለቅስ? የእኔን እናት ማን አለቀሰላት?»

ከዚያ ነገረችን። በመፈናቀሉ ጊዜ ገደብ ከተማ ውስጥ አንድ ያላለቀ ሕንፃ ውስጥ ከብዙ ሰው ጋር ተጠልለው ነበር። እናቷ ታመመች። ትንሹ ልጇም በዚያው ሳምንት ትኩሳት ያዘው፤ ልጁን ይዛ ወደ ሆስፒታል ሄደች። በሦስተኛው ቀን ስትመለስ እናቷ ተቀብራለች። ከብዙ ሰዎች ጋር፣ በችኮላ። የትኛው አፈር የእሷ እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚያሳያት ሰው አላገኘችም። ከዚያ ምግብ፣ ውሃ፣ ብርድ፣ መመለስ፣ ቤት መሥራት። ለቅሶ የሚቀመጥ ሰውም ጊዜም አልነበረም።

«አሁንም ገደብ ያለች ይመስለኛል» አለች። «ገበያ ስሄድ በዚያ ሕንፃ በኩል አላልፍም። የምፈራው እሷን ማግኘቴን ይሁን ማጣቴን አላውቅም።»

ሥልጠናው ላይ የተማርኩት ጥያቄ ብዙ ነበር። ከሁሉም አንዱን ብቻ ጠየቅኋት፦ ምን ቢደረግልሽ ትወጃለሽ?

«ሰው መጥቶ እግዚአብሔር ያጽናሽ ይበለኝ። አንድ ጊዜ። ከዚያ እኔም የሰው ደጅ እገባለሁ።»

ሐሙስ ዕለት ጉዳዩን ለኮሚቴው ያቀረበችው የጤና ሠራተኛዋ ናት። እኔ ማቅረብ ነበረብኝ፤ ደብተሬ ላይ ጽፌውም ነበር፤ ሰው ዝም ብሎ ሲያየኝ ግን የጻፍኩት ሁሉ የሌላ ሰው ጽሕፈት ይመስለኛል።

ወንጌላዊው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከዓመታት በኋላ ድንኳን? ይህ ተዝካር ነው። እኛ ለሙት ድግስ አናውቅም።»

«ድግስ ማን አለ?» አለች የጤና ሠራተኛዋ። «የሚበላ ቢኖራት እኔ ቀድሜ እሄድ ነበር።»

ሊቀመንበሩ ደግሞ ደንቡን አነሱ። «እድሩ ድንኳን የሚተክለው ለሦስት ቀን ነው፤ ሦስቱ ቀን ካለፈ አለፈ። ለእሷ ከፈቀድን ነገ መንደሩ ሁሉ ይመጣል። በዚያ ጊዜ ያልተለቀሰለት ሰው የሌለው ቤት የቱ ነው?»

ከበረንዳው በታች የቀይ ቡና ጆንያ የጫነ አህያ አለፈ። እኔ ደብተሬን እያየሁ አንድ ነገር አጉረመረምኩ።

«ምን አልሽ ልጄ? ጮክ በይ፤ ጆሮዬ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል።»

ፊቴ ጋለ። «ሦስቱ ቀን የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው አልኩ።»

«ሞቱ ለእድሩ ከተነገረበት ቀን ነዋ። በእንግድነት ሄዶ የሞተም…» ብለው አቆሙ። ከዚያ ከጎናቸው የነበረውን የአባላት መዝገብ በላስቲክ ከተጠቀለለበት አወጡት። ጣታቸውን እያረጠቡ ገለጡ። የሴትየዋ እናት በራሷ ስም የእድሩ አባል ነበረች። ስሟ እንዳለ ነበር፤ አልተሰረዘም፣ አጠገቡ ምንም አልተጻፈም።

«አልተነገረንም» አሉ ሽማግሌው። ሁላችንንም በየተራ አዩን። «ሞታለች ብሎ ለእድሩ የነገረ ሰው የለም። በዚህ መዝገብ ይህች ሴት በሕይወት አለች።»

የጤና ሠራተኛዋ ልትስቅ አፏን ከፍታ ተወችው።

«ልጂቱ መጥታ ትንገረን» አሉ። «ከነገረችን ቀን እንቆጥራለን። ሌላውም ካለ ይምጣ። መቼም ሞት ለመንገር ማለፊያ ቀን የለውም።»

ወንጌላዊው ወደ መዝገቡ ጠጋ አሉ። «ጸሎቱ ለቀሩት ከሆነ ቃሉን እኔ አነባለሁ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በዚያ ሕንፃ የሞቱትን ከቀበሩት አንዱ እኔ ነኝ። የብዙዎቹን ስም አልጠየቅኩም» አሉ። ይህንን በቃለ ጉባኤው አልጻፍኩትም።

እዚህ ድረስ ነገሩ የተሳካው እነሱ ስለሚያውቁት ነው። የተበላሸው እኔ የማውቀውን ስጨምርበት ነው።

በሥልጠናችን ያለፈውን የሚቀሰቅስ ድምፅ መጠንቀቅ እንዳለብን ተምሬያለሁ። በዚያ ጊዜ ሰው ከየቤቱ ወጥቶ እንዲሸሽ የተነገረው በጥሩምባ ነበር። ስለዚህ በዚህ ለቅሶ ጥሩምባ እንዳይነፋ ጠየቅኩ፤ ቤት ለቤት በቀስታ ይነገር አልኩ። «ያለ ጥሩምባ ለቅሶ?» አሉ ሊቀመንበሩ፤ ግን የተማረች ናት ብለው ተዉልኝ። የእድሩ ድንኳን ጥገናው የበዛ ስለነበር ከምሠራበት ድርጅት ቢሮ ነጭ የእርዳታ ድንኳን አስመጣሁ። ቢሮው የተገኙ ሰዎችን ፊርማ ስለሚፈልግ ደግሞ ከድንኳኑ አፍ ላይ ጠረጴዛ አድርጌ ወረቀትና እስክሪብቶ አስቀመጥኩ። ሁሉንም ያደረግኩት ለመጠንቀቅ ነው።

ሴትየዋ ሞቱን ለእድሩ ነገረች፤ ቅዳሜ ጠዋት ሰው መጣ፤ እንዲያውም ካሰብነው በላይ። ግን ነጠላ ያዘቀዘቀ የለም፤ ቤት ለቤት በቀስታ የተነገረው ወሬ ሲዞር «ነጭ ድንኳን ተተክሏል» ብቻ ሆኖ ቀርቷል። መታወቂያቸውን ይዘው፣ አንዳንዶቹ ባዶ ጆንያ አጣጥፈው፣ ከጠረጴዛዬ ፊት ተሰለፉ።

«ዘይት ነው ዱቄት?» አለኝ አንዱ።

«ለቅሶ ነው» አልኩ።

«የማን ለቅሶ?»

ነገርኩት። ወደ ኋላው ዞሮ፣ «ለቅሶ ነው ትላለች!» አለ፤ ሰልፉ ሳቀ። «ሲስተር፣ ጥሩምባ ሳንሰማ ማን ይሞታል?»

«ባለፈው ስሜን ዘላችሁት ነበር» አለች ሌላዋ እየገፋች። «ዛሬ አልዘለልም፣ ጻፊኝ።»

«ለቅሶ ከሆነ ለምን ታስፈርሙናላችሁ?» አሉ አንዲት አሮጊት። «ማልቀሴን ማን ሊመረምር ነው?»

ወደ ድንኳኑ ውስጥ ዞር ስል የሴትየዋ ቦታ ባዶ ነው። ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በአግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር፤ አሁን ከሰልፉ መካከል ቆማለች። የውሃ ጆግ ይዛ ለአሮጊቶቹ ትቀዳለች፤ ሕፃን ያዘሉትን ወደ ፊት ታሳልፋለች። «አትግፉ፣ ለሁሉም ይደርሳል፣ መስመር ያዙ» ትላለች። ድምፅዋ የለመደ ሰው ድምፅ ነው። በኋላ እንደነገረችኝ፣ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሰልፍ የምታስይዘው እሷ ነበረች።

በእናቷ ለቅሶ ቀን እንደገና ወደዚያ ቦታ መለስኳት ማለት ነው። ማንም ሳይሆን እኔ።

ሊቀመንበሩ ከዛፍ ሥር ከወንጌላዊው ጋር ቆመው ያያሉ። ሄድኩና፣ «አባባ፣ ተሳስቻለሁ» አልኳቸው።

«ጮክ በይ።»

«ተሳስቻለሁ!» ሰልፉ ዞሮ አየኝ። እንባዬ መጣ፣ ግን አንዴ ከጀመርኩ አላቆምኩም፦ «ጥሩምባውን ከልክዬ ለቅሶውን እርዳታ አስመሰልኩት። ይነፋ። ድንኳኑም የእናንተው ይሁን።»

ሽማግሌው ቁጣም ምፀትም አላሳዩኝም። «በይ ጠረጴዛሽን አንሺ» አሉ ብቻ። ወጣቶቹ ነጩን ድንኳን ነቅለው የእድሩን አመጡ፤ በሦስት ዓይነት ጨርቅ የተጣፈ ነው። ወንጌላዊው ከሰልፈኛው መሃል ገብተው፣ ዛሬ የሚታደል ነገር እንደሌለ፣ ለቅሶ እንደሆነ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ እንዲመለስ ነገሩ። ሰዎቹ አጉረመረሙ። ሄዱ። ይመለሱ አይመለሱ ማንም አላወቀም።

የጤና ሠራተኛዋ ክንዴን ይዛ ወደ ዳር ወሰደችኝ። «ጥሩምባው የሚያስደነግጠው ሰው አለ ያልሽው ውሸት አይደለም» አለች። «ግን መከልከል ምን ያደርጋል? ቀድሞ መንገር ነው። እነማን እንደሆኑ አውቃቸዋለሁ።» እሷ በላይ በኩል፣ እኔ በታች በኩል፣ ከቡናውና ከእንሰቱ ስር ወዳሉት ቤቶች ሄድን። ጥሩምባ ይነፋል፤ ለለቅሶ ነው፤ የሚያሸሽ ነገር የለም። እያንኳኳሁ ለማላውቀው ሰው ይህን መናገር ነበረብኝ። አንዲት እናት፣ «እሺ፣ ልጆቹን አጠገቤ አደርጋለሁ» አለችኝ። አንድ ሽማግሌ፣ «እስኪነፋ አብረሽኝ ተቀመጪ» አሉኝ፤ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ተነፋ። የዚህ አገር ኮረብታ ድምፅ ይመልሳል፤ ሁለቴ የተነፋ አራቴ ይሰማል። ሽማግሌው ጉልበታቸውን ይዘው መሬት መሬት አዩ። ጥሩምባ ነፊው የሟቿን ስም ጠራ፣ የአባቷንም፣ ማረፏንም ተናገረ። ይህ ስም በዚህ ቀበሌ ጮክ ተብሎ ከተጠራ ብዙ ዘመኑ ነበር።

አንድ ሰው ረስተን ነበር። የቡና ማሳ ውስጥ ሲሠራ ጥሩምባውን የሰማ ጎልማሳ ሁለት ልጆቹን በግራና በቀኝ እጁ ይዞ ወደ ዋናው መንገድ ሮጠ። የጤና ሠራተኛዋ ተከትላው ሮጠች። ከመንገዱ ዳር አብራው ተቀምጣ ስትቆይ፣ ልጆቹ አጠገባቸው በሣር ሲጫወቱ ከሩቅ አየኋቸው። ያ ሰው ያን ቀን ወደ ድንኳኑ አልመጣም።

ሰዎቹ ግን ተመለሱ። ጠዋት የገፉኝ ሰዎች ናቸው፤ መታወቂያና ጆንያ ትተው፣ ቡልኮና ነጠላ ለብሰው፣ ቆጮና የተቀቀለ ባቄላ ይዘው። «ዘይት ነው ዱቄት?» ያለኝ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ አጠገቤ ሲያልፍ ዓይኔን አላየም። አንድ በአንድ እየገቡ እግዚአብሔር ያጽናሽ አሏት። እሷ ግን ገና አላረፈችም፤ አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ጆጉን ፍለጋ ልትነሳ ትላለች። ሁለት ጎረቤቶቿ በግራና በቀኝ ተቀምጠው ትከሻዋን ያዙ።

«ልጅት፣ ዛሬ ባለሐዘን ነሽ» አለቻት አንዷ። «ውሃው እግር አለው፣ ራሱ ይመጣል።»

ወንጌላዊው አንብበው ጸለዩ። ሲጨርሱ ሴትየዋ ቀና ብላ፣ «በምን ነበር የጠቀለላችኋት?» አለቻቸው።

ወንጌላዊው መጽሐፋቸውን ዘጉ።

«እህቴ፣ ልዋሽሽ አልችልም። አላስታውስም። በተገኘው ነበር የምንጠቀልለው።»

«በሸራ?»

«ሸራም ነበር።»

«ብርድ አትወድም ነበር» አለች። ያኔ ነው ያለቀሰችው። አጠገቧ ያሉትም አለቀሱ፤ ከኋላ ያሉት ወንዶችም። በስም የሚለቀስላት የእሷ እናት ነበረች፤ ሰው ግን የሚያለቅስለት ሌላም እንደነበረው ከድምፁ ይታወቅ ነበር። እኔ ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ቆሜ ነበር። ልዩ ሥልጠና የሚጠይቅ ነገር አላደረግኩም። ስኒ ሰበሰብኩ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሊነቀል ሲል ሊቀመንበሩ መዝገቡን አስመጡ። የእናትየውን ስም በማስመሪያ፣ ሳይቸኩሉ ሰረዙት፤ አጠገቡ «ተነግሯል» ብለው ጻፉ። ከዚያ ሴትየዋን ጠሯት።

«እኛ የድርሻችንን አደረግን። የሚቀጥለው ለቅሶ የማን እንደሆነ አምላክ ነው የሚያውቀው። ትመጪያለሽ?»

«ካልሞትኩ» አለች።

«ከሞትሽማ እኛ እንመጣለን።»

ሰው ሳቀ። እሷም፣ ዓይኗ እንዳበጠ፣ ጥቂት ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ሌሎች ሁለት ቤተሰቦች ሞት ሊነግሩ መጥተዋል፤ ከእነሱ ጋር ገና እየተመካከርን ነው። ጥሩምባው ከመነፋቱ በፊት ማን ወደማን ቤት እንደሚሄድ አሁን ዝርዝር አለን፤ ያ የረሳነው ሰው ከላይ የመጀመሪያው ነው። ድካሜ አልለቀቀኝም። ቢሮው ስለ ጎደለው የፊርማ ወረቀት ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል።

አንድ ማክሰኞ ዲላ ሳለሁ የጤና ሠራተኛዋ ደወለች። በቀበሌው አንድ አዛውንት ሞተው ነበር።

«ሴትየዋ?» አልኳት።

«የመጀመሪያው ቀን መጥታ ደጅ ቆማ ተመለሰች። ሊቀመንበሩ አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ዛሬ ገባች።»

«አለቀሰች?»

«አንቺ ደግሞ! ገባች እያልኩሽ። ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣለች፤ ዳቦ ቆርሰው ሲሰጧት በላች።»